ከቢሊዮን አንድ
የኮምፒዩተርን አስተማማኝነትና ደኅንነት በቁጥር የመመዘን ታሪክ

የምሕንድስና ሙያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ካፈራቸው ቁጥሮች መካከል እጅግ ትንሹና እጅግ የሚከበረው «ከቢሊዮን አንድ» የሚባለው ነው። ትርጓሜውም እንዲህ ነው፤ በመንገደኛ አውሮፕላን ላይ የሚደርስ አንድ ዐይነት ብልሽት አውሮፕላኑን ከነተሳፋሪዎቹ የሚያጠፋ ከሆነ፥ ያ ብልሽት በ1,000,000,000 የበረራ ሰዓት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ይደርሳል ተብሎ የማይጠበቅ መሆን አለበት። አንድ ቢሊዮን ሰዓት ከ114,000 ዓመት ይበልጣል። ይህን ያህል ዘመን ቆሞ የቆጠረ ሰው እንደሌለ ግልጽ ነው። ታዲያ ቁጥሩ ከወዴት መጣ? ኮምፒዩተር በአውሮፕላን፥ በሆስፒታልና በኃይል ማመንጫ የሰውን እጅ እየተካ ሲሄድ በዚህ ሚዛን ላይ የተቀመጠውስ በምን ሁኔታ ነው? ጥያቄው ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አለመሆኑን መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቢሾፍቱ ከተማ አቅራቢያ የደረሰው አደጋ አሳይቶናል። ወደዚያ ቀን ከመድረሳችን አስቀድሞ ግን ሚዛኑ እንዴት እንደ ተሠራ መመልከት ይገባል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

በመጀመሪያ የተቈጠረው ኮምፒዩተር አልነበረም፤ የራዲዮ ቫልቭ፥ ሽቦና ብየዳ ነበር። በጦርነቱ ዘመን በጀርመን አገር «ፋው አንድ» በተባለው በራሪ ቦምብ ሥራ ላይ ከተሰለፉት መሐንዲሶች አንዱ የነበረው ሮበርት ሉሰር ከጦርነቱ በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በሚሳይል ሥራ ላይ ሳለ፥ እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ሕግ አስፋፋ። ቀደም ሲል የነበረው አስተሳሰብ ሰንሰለት የሚበጠሰው በደካማው ቀለበቱ ስለሆነ ደካማውን ማጠንከር ይበቃል የሚል ነበር። የሉሰር ሕግ ግን የመላው መሣሪያ አስተማማኝነት የክፍሎቹ አስተማማኝነት ብዜት መሆኑን ያስረዳል። እያንዳንዳቸው ከመቶ 99 ጊዜ ሳይበላሹ የሚሠሩ 100 ክፍሎች ቢገጣጠሙና የአንዱ መበላሸት ሁሉን የሚያቆም ቢሆን፥ መሣሪያው በጠቅላላ በደኅና የሚሠራው ከመቶ 37 ጊዜ ያህል ብቻ ነው። እያንዳንዱ ክፍል ጥሩ ሆኖ ሳለ ጠቅላላው ከንቱ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በበኩሉ በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎቹ መበላሸት ተማርሮ በ1952 አንድ አማካሪ ጓድ አቋቋመ። ጓዱም በ1957 ባወጣው ሪፖርት አስተማማኝነት በምኞት ቃል ሳይሆን በቁጥር ተወስኖ በውል ውስጥ እንዲገባ፥ በሙከራም እንዲረጋገጥ አሳሰበ። ለዚህ የሙያ ዘርፍ እንደ ልደት ቀን የሚቈጠረው ይህ ሪፖርት ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት የብልሽት ሠንጠረዦች፥ የመለዋወጫ ግምቶችና የጥገና መርሐ ግብሮች ሁሉ የእርሱ ልጆች ናቸው።

አቈጣጠሩ ትክክል የሚሆነው ግን የሚቈጠረው ነገር እንደ ቫልቭ ሲሆን ነው። ቫልቭ በብዙ ሺህ ይሠራል፤ አንዱ ሌላውን ይመስላል፤ በሙቀትና በመንቀጥቀጥ ያረጃል፤ የአንዱ መቃጠል ጎረቤቱን አይመለከትም። ሺህ ቫልቮችን ለሺህ ሰዓት ቢያበሩ ሚሊዮን ሰዓት ያህል ማስረጃ ይገኛል። እዚህ ላይ ሒሳቡ ንጹሕ ስለሆነ ማንም ሊነቅፈው አይችልም።

አሁን ወደ ቢሊዮኑ እንመለስ። ቁጥሩ የተወለደው ከሙከራ ሳይሆን ከክፍፍል ነው። የአቪዬሽን ባለሥልጣኖች ያለፈውን ልምድ ሲመረምሩ ከባድ አደጋ በአንድ ሚሊዮን የበረራ ሰዓት አንድ ጊዜ ያህል ይደርስ እንደ ነበር ተመለከቱ፤ ከእነዚህም አደጋዎች በአውሮፕላኑ መሣሪያዎች ብልሽት የሚመጡት ከአሥር አንዱ ያህል ናቸው ተባለ። ስለዚህ የመሣሪያዎቹ ድርሻ በአሥር ሚሊዮን ሰዓት አንድ ጊዜ ሆነ። አንድ አውሮፕላን አጥፊ የሆኑ መቶ ዐይነት ብልሽቶች ሊኖሩት ይችላሉ ተብሎ ተገመተና ድርሻው ለመቶ ሲካፈል፥ ለእያንዳንዱ ብልሽት የሚደርሰው ከቢሊዮን አንድ ሆነ። መቶ የተባለው ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ ቢኖር፥ መልሱ ለማካፈል የሚመች ቁጥር ስለሆነ ነው ከማለት በቀር ብዙ የሚጨመር የለም። ይህን የምለው ለማቃለል አይደለም። ቁጥሩ ለነዳፊው የተሰጠ የጥረት ግብ እንደ መሆኑ መጠን ብዙ ጠቅሟል። ዳሩ ግን ከጊዜ በኋላ የተለካ ነገር መሰለ።

ሚዛኑ የብልሽቱን ክብደት በደረጃ ይከፍላል። «ከባድ» የተባለው ከመቶ ሺህ ሰዓት አንድ ጊዜ፥ «አደገኛ» የተባለው ከአሥር ሚሊዮን ሰዓት አንድ ጊዜ፥ «አጥፊ» የተባለው ደግሞ ከቢሊዮን ሰዓት አንድ ጊዜ ያነሰ እንዲሆን ይጠየቃል። የሙያ ባልደረቦቼ ይህን አከፋፈል በአእምሯቸው እንዲይዙልኝ እለምናለሁ፤ ታሪኩ ሁሉ የሚዞረው በእርሱ ላይ ነው። ቁጥር ከመቈጠሩ በፊት አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ብልሽቱ «ከባድ» ነው ወይስ «አጥፊ» ብሎ ስም ያወጣለታል፤ የሚጠየቀውም ማስረጃ ስሙን ተከትሎ ይመጣል።

ኮምፒዩተር ወደዚህ ሚዛን ሲመጣ መጀመሪያ እንደ ቫልቭ ተቈጠረ። ሶፍትዌር ግን አያረጅም፤ አይዝግም፤ በሙቀት አይቃጠልም። ስሕተት ካለበት ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ አለበት፤ የሚነሣበትን አጋጣሚ እየጠበቀ ይኖራል። አሥር ሺህ ቅጂ ቢባዛ አሥር ሺህ ማስረጃ አይሆንም፤ አንድ ስሕተት በአሥር ሺህ ቦታ ይቀመጣል እንጂ።

ይህን በመራራ መንገድ ያስተማረው ቴራክ-25 የተባለው የካንሰር ማከሚያ የጨረር ማሽን ነው። የሠራው የካናዳ መንግሥት ንብረት የሆነ ኩባንያ ነበር። ከእርሱ የቀደመው ቴራክ-20 ጨረሩ ከልክ እንዳያልፍ የሚያግዱ የኤሌክትሪክና የሜካኒክ መቈጣጠሪያዎች ነበሩት፤ በአዲሱ ማሽን ግን ጥበቃው በአመዛኙ ለሶፍትዌሩ ተሰጠ። ኩባንያው በ1983 ባዘጋጀው የደኅንነት ጥናት የብልሽት ዛፍ የሚባለውን ሥዕል ሠርቶ፥ ኮምፒዩተሩ የተሳሳተ የጨረር ኃይል የመምረጡን ዕድል ከመቶ ቢሊዮን አንድ ብሎ መዘገበ። ሶፍትዌሩ ራሱ ስሕተት ይኖርበት እንደሆነ ግን በጥናቱ ውስጥ አልገባም፤ የተቈጠረው የአካሉ ብልሽት ብቻ ነበር። ከ1985 እስከ 1987 ባለው ጊዜ ውስጥ በአሜሪካና በካናዳ በሚገኙ ሕክምና ቤቶች ስድስት ሕሙማን ከልክ እጅግ የበዛ ጨረር ተቀበሉ፤ ከመካከላቸውም የሞቱ አሉ።

ከሁሉ የሚያስደንቀው በመካከሉ የተባለው ነው። በ1985 ክረምት በካናዳ ሐሚልተን ከተማ አንዲት ሕመምተኛ ከተጐዳች በኋላ ኩባንያው ጥፋቱን በአንዲት ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ላይ አሳበበ። እርሷንም አሻሽሎ፥ ማሽኑ ከቀድሞው ቢያንስ መቶ ሺህ እጥፍ ደኅንነቱ ጨምሯል ሲል አስታወቀ። በሚቀጥለው ዓመት በመጋቢትና በሚያዝያ በቴክሳስ ታይለር ከተማ በአንድ ሕክምና ቤት ሁለት ሰዎች በዚያው ማሽን ተመትተው በኋላ ሞቱ። ምክንያቱን ያገኙት የሕክምና ቤቱ የፊዚክስ ባለሙያና ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው ሠራተኛ ናቸው። ሥራዋን የለመደች ስለሆነች የተሳሳተ ትእዛዝ ብትጽፍ ወዲያው ታርመዋለች፤ እርማቱ በስምንት ሰከንድ ያህል ጊዜ ውስጥ ሲሆን ሶፍትዌሩ አይመለከተውም ነበር። ቀስ ብላ የምትጽፍ ጀማሪ ብትሆን ስሕተቱ አይነሣም ነበር። የሠራተኛዋ ጣቶች ፍጥነት በየትኛው የብልሽት ዛፍ ላይ ቅርንጫፍ ነበረው?

በዚያው በ1986 ቻሌንጀር የተባለችው የጠፈር መንኰራኵር ስትፈነዳ፥ የፊዚክሱ ሊቅ ሪቻርድ ፋይንማን ያገኘው ነገር ከዚህ የሚለይ አልነበረም። የመሥሪያ ቤቱ ሹማምንት የመጥፋት ዕድሏን ከመቶ ሺህ አንድ ሲሉ መሐንዲሶቹ ከመቶ አንድ ያህል ይሉ ነበር። በነገራችን ላይ ፋይንማን በዚያ ጽሑፉ የመንኰራኵሯን የኮምፒዩተር ሶፍትዌር የሚመረምረውን ክፍል አመስግኗል፤ ያመሰገነውም ትንሽ ቁጥር ስላቀረበ ሳይሆን የራሱን ሥራ እንደ ጠላት አድርጎ ስለሚፈትን ነው።

በዚህ ጊዜ ምሁራን ጉዳዩን ከሥሩ መመርመር ጀምረው ነበር። በፈረንሳይ ቱሉዝ ከተማ ይሠራ የነበረው ዣን ክሎድ ላፕሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የዘርፉን ቃላት ሲያስተካክል፥ የአንድ ኮምፒዩተር አስተማማኝነት በሚሰጠው አገልግሎት ላይ በበቂ ምክንያት ለመተማመን የሚያስችል ጠባይ ነው አለ። በአማርኛችን «አስተማማኝ» የሚለው ቃል ከ«አመነ» የወጣ ስለሆነ ነገሩ ለእኛ ግልጽ ነው፤ አማኝ ሰው ሳይኖር አስተማማኝ ነገር የለም። ላፕሪ የጨመረው ግን እምነቱ በቂ ምክንያት ይኑረው የሚለውን ነው። ደኅንነትን ደግሞ ለብቻው አስቀመጠው፤ የማይበላሽ ሁሉ የማይጐዳ አይደለምና። አንድ መሣሪያ የታዘዘውን ሳያዛንፍ እየፈጸመ ሰው ሊገድል ይችላል።

ለበቂው ምክንያት ከቀረቡት መንገዶች አንዱ አንዱን ሥራ ለተለያዩ ሰዎች ሰጥቶ የተለያየ ሶፍትዌር ማስጻፍና ውጤታቸውን ማመሳከር ነበር። አንዱ ቢሳሳት ሌላው አይሳሳትም፤ ዕድላቸውም ሲባዛ ቁጥሩ ያንሳል። በ1986 ጆን ናይትና ናንሲ ሌቨሰን በሁለት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች 27 ፕሮግራሞችን ለየብቻ አስጽፈው እያንዳንዱን በሚሊዮን ሙከራ ፈተኑት። ፕሮግራሞቹ በአመዛኙ ጥሩ ነበሩ፤ ሲሳሳቱ ግን ብዙዎቹ በአንድነት ይሳሳታሉ። አስቸጋሪው ቦታ ለሁሉም አስቸጋሪ ነውና የሉሰር ብዜት እዚህ አልሠራም። በሰኔ 1996 አሪያን 5 የተባለችው የአውሮፓ ሮኬት በመጀመሪያ በረራዋ ከተነሣች 40 ሰከንድ ሳይሞላት የጠፋችው ከዚህም በባሰ ምክንያት ነው፤ ዋናውና ተጠባባቂው የአቅጣጫ ኮምፒዩተር አንድ ዐይነት ሶፍትዌር ስለ ነበራቸው አንዱ በወደቀበት ቁጥር ሌላውም ወደቀ።

በ1993 ደግሞ ቢቭ ሊትልዉድና ሎሬንዞ ስትሪጂኒ በእንግሊዝ አገር፥ ሪኪ በትለርና ጆርጅ ፊኔሊ በአሜሪካ፥ ሁለቱም ወገኖች ለየብቻ አንድ መደምደሚያ ላይ ደረሱ። ከቢሊዮን አንድ የሚለውን ለሶፍትዌር በሙከራ ማረጋገጥ አይቻልም። አንድ ሥርዓት ለሺህ ሰዓት ሳይሳሳት ከሠራ፥ ሌላ ማስረጃ ከሌለ በስተቀር ለሚቀጥለው ሺህ ሰዓት ሳይሳሳት የመሥራት ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ያህል ነው፤ ከዚያ አልፎ መናገር እምነት እንጂ መለኪያ አይደለም። መጠነኛ የሆነውን ቁጥር እንኳ ለማሳየት ሥራው ብዙ ነው። አንድ የአደጋ መከላከያ ኮምፒዩተር ከተጠራበት አሥር ሺህ ጊዜ ከአንድ በላይ እንደማይሳሳት ከመቶ 99 እርግጠኛ ለመሆን ከ46,000 የሚበልጡ ሙከራዎች አንድም ስሕተት ሳይታይባቸው ማለፍ አለባቸው። በ1995 ሥራ የጀመረው የእንግሊዙ ሳይዝዌል ቢ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ከኮምፒዩተሩ ጎን ኮምፒዩተር የሌለበት ሌላ መከላከያ የተገጠመለት ያለ ነገር አልነበረም።

የአቪዬሽኑ ዓለም ይህን ያውቅ ነበር ማለት ይቻላል። የአውሮፕላን ሶፍትዌር በ1992 በወጣው መመሪያ መሠረት ሲመረመር የብልሽት ቁጥር አይሰጠውም። በቁጥሩ ምትክ የአሠራሩ ጥንቃቄ በደረጃ ይወሰናል፤ አጥፊ ሊሆን የሚችለው በጥብቁ ደረጃ ይጻፋል፥ ይፈተሻል፥ ይመሰከርለታል። ደረጃውን የሚወስነው ግን ያው ቀደም ሲል የወጣው ስም ነው። ቁጥሩ ከሶፍትዌሩ ላይ ቢነሣም ስሙ በቦታው ቀረ።

ስሙ በተሳሳተ ጊዜ የሚሆነውን ያየነው በቦይንግ 737 ማክስ ላይ ነው። ሞተሮቹ ከቀድሞው ሞዴል የተለቁና ወደ ፊት የወጡ በመሆናቸው፥ አፍንጫው በጣም ቀና ባለ ጊዜ አውሮፕላኑ የሚያሳየው ጠባይ ተለወጠ፤ ይህንንም ለማረም ኤምካስ የሚባል ሶፍትዌር የጅራቱን አግዳሚ ክንፍ እያንቀሳቀሰ አፍንጫውን ዝቅ እንዲያደርግ ተሠራ። የሚነሣው ክንፉ ከሚመጣው አየር ጋር የሚሠራውን ማዕዘን ከሚለካ ሴንሰር ነበር። አውሮፕላኑ በግራና በቀኝ ሁለት ሴንሰሮች ሲኖሩት፥ ኤምካስ በአንድ በረራ የሚያዳምጠው አንዱን ብቻ ነበር። በአንድ ጊዜ ክንፉን ሊያንቀሳቅስ የሚችለው መጀመሪያ 0.6 ዲግሪ ሲሆን በኋላ ወደ 2.5 ዲግሪ ከፍ ተደረገ።

ኤምካስ ሳይጠራ ቢነሣ ምን ይባላል? በተለመደው በረራ «ከባድ» ተባለ። «ከባድ» ከሆነ ዘንድ በአንድ ሴንሰር ላይ መመካት በመመሪያው አይከለከልም፤ ሴንሰሩም የታወቀ የብልሽት ቁጥር ያለው አካል ስለሆነ ሒሳቡ ይወጣል። «ከባድ» የተባለው ግን አብራሪው ችግሩን ወዲያው ዐውቆ በሦስት አራት ሰከንድ ውስጥ ተገቢውን ያደርጋል ተብሎ ስለ ታሰበ ነው። ይህም በሲሙሌተር ተፈተነ። በሙከራው የተነሣው የክንፉ መንቀሳቀስ ብቻ እንደ ነበረና ከተበላሸ ሴንሰር ጋር አብረው የሚመጡት ሌሎች ማስጠንቀቂያዎች እንዳልተካተቱ የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ብሔራዊ ቦርድ በመስከረም 2019 አስታወቀ። የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ በ2020 ባወጣው ሪፖርትም፥ በ2012 በተደረገ ሙከራ አንድ የኩባንያው አብራሪ ከ10 ሰከንድ በላይ እንደ ፈጀበትና ሁኔታውን «አጥፊ» ብሎ እንደ ጠራው ተጽፏል። ስሙ አንድ ጊዜ በትክክል ተጠርቶ ነበር፤ ሠንጠረዡ ግን አልተለወጠም።

ጥቅምት 29 ቀን 2018 የላየን ኤር አውሮፕላን በኢንዶኔዥያ ጃቫ ባሕር ወድቆ 189 ሰዎች አለቁ። በሚቀጥለው ወር የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር አብራሪዎች በዚህ ሁኔታ ምን ማድረግ እንዳለባቸው የሚያስታውስ አስቸኳይ መመሪያ አወጣ። በታኅሣሥ ደግሞ አዲስ ሒሳብ ሠራ። የሶፍትዌሩ ማስተካከያ ባይደረግ፥ በአውሮፕላኖቹ የአገልግሎት ዘመን ሁሉ 15 ያህል ተጨማሪ አደጋ ሊደርስ እንደሚችል ተገኘ። ይህ ሒሳብ ለሕዝብ የታወቀው ከአንድ ዓመት በኋላ በምክር ቤቱ ፊት ነው፤ የኮሚቴው ሊቀ መንበር እንዳስረዱትም ከመቶ የበረራ ቡድኖች 99ኙ መመሪያውን በ10 ሰከንድ ውስጥ ይፈጽማሉ የሚል ግምት ነበረበት። እንግዲህ ማስተካከያው እስኪደርስ ድረስ ወረቀቱ ይበቃል ተብሎ አውሮፕላኖቹ መብረራቸውን ቀጠሉ። ለእኔ ከታሪኩ ሁሉ ይበልጥ የሚከብደው ይህ ነው። ቴራክ ላይ የነበሩት ሰዎች አልቈጠሩም ማለት ይቻላል፤ እዚህ ግን ተቈጥሯል፥ የተገኘውም ቁጥር አስደንጋጭ ነበር፥ በመካከል የቆመውም ያው የሚያስፈራ ቃል፥ «አብራሪው ያደርገዋል» የሚለው ነው።

በ132ኛው ቀን፥ እሑድ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከጧቱ 2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ተነሣ። ከምድር ብዙም ሳይርቅ የግራውና የቀኙ ሴንሰር ንባብ ተለያየ፤ ወዲያውም የግራው 74.5 ዲግሪ ሲያሳይ የቀኙ ከ15.3 አላለፈም። በካፒቴኑ በኩል ያለው መሪ አውሮፕላኑ ከአየር ሊወድቅ ነው በሚለው ማስጠንቀቂያ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የፍጥነትና የከፍታ ንባቦችም ተዛቡ። ኤምካስ አፍንጫውን ዝቅ አደረገ። አብራሪዎቹ መመሪያው እንደሚለው የክንፉን ኤሌክትሪክ አጠፉ፤ ከዚያ ክንፉን በእጅ በሚሽከረከረው መዘውር ሊመልሱ ሲሞክሩ በፍጥነቱ ብዛት መዘውሩ አልታዘዝ አለ። ከተነሡ ስድስት ደቂቃ ሲሆን 157 ሰዎች አለቁ። ሴንሰሩን ለብቻው ብንወስድ ተበላሽቷል፤ ኤምካስ ግን አልተበላሸም፥ እንደ ተጻፈው ሠርቷል። በአስተማማኝነት ሠንጠረዥ ላይ ቢፈለግ ጥፋት የሚገኝበት አይደለም።

አየር መንገዱ አውሮፕላኖቹን አሳረፈ፤ ቻይናና ሌሎች አገሮች ተከተሉ፤ አሜሪካ ያገደችው በሦስተኛው ቀን ነው። የአገራችን መርማሪዎች የመጨረሻ ሪፖርታቸውን በታኅሣሥ 2022 አወጡ። ሴንሰሩ የተበላሸው በአሠራር ጕድለት በመጣ የኤሌክትሪክ ችግር ሳይሆን አይቀርም አሉ። የአሜሪካው ቦርድ ምናልባት ወፍ መትታው ይሆናል፥ የአብራሪዎቹም አያያዝ ሊመረመር ይገባ ነበር ሲል ተቃወመ፤ ኤምካስ አፍንጫውን ማውረዱ የአደጋው ምክንያት መሆኑን ግን እርሱም ተቀብሏል። ወፍም ትሁን ሽቦ፥ በሠንጠረዡ ላይ ያለው መደብ አንድ ነው፤ ሴንሰር ይበላሻል፥ ይህ ከመጀመሪያው የታወቀ ነበር። የሚያከራክረው ሴንሰሩ ለምን ተበላሸ የሚለው ሆኖ መቅረቱ ለእኔ ከጉዳዩ ጥቂት ፈቀቅ ማለት ነው።

ማክስ በኅዳር 2020 እንደገና እንዲበር በአሜሪካ ሲፈቀድ ኤምካስ ተለውጧል። በአንድ አጋጣሚ የሚነሣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱን ሴንሰሮች ያመሳክራል፤ ንባባቸው ከ5.5 ዲግሪ በላይ ከተለያየ በዚያ በረራ ውስጥ ጨርሶ አይሠራም። በዚያች እሑድ ጧት ልዩነቱ 59.2 ዲግሪ ነበር።